ግማሽ ካሳ

ልጅ ሳለሁ ካሳ የሚባል ሰው ይመጣል ብዬ በር በሩን ሳይ ከርሜአለሁ። ቤታችን ውስጥ ስሙ ሳይነሳ የሚመሽበት ቀን አልነበረም። «ካሳ መጠየቅ አለብን» ትላለች እናቴ። «ካሳ በቀላሉ አይገኝም» ይላል አባቴ። «ካሳ እስኪመጣ ቤቱ እላያችሁ ላይ ይናዳል» ትላለች አክስቴ። እኔ ደግሞ ይሄ ሰውዬ ምን ያህል ቢኮራ ነው እያልኩ እገረማለሁ። ትከሻው ሰፊ፣ ጢሙ የተንዠረገገ፣ አካፋ የተሸከመ ሰው አድርጌ በልቤ ሥዬው ነበር። ሲመጣ የሚቀመጥበትን ወንበር ሳይቀር መርጬለታለሁ።

ነገሩ የጀመረው ቤት የገዛን ጊዜ ነው።

አባቴ መኪና መንዳት ያስተምር ነበር። ጣሪያዋ ላይ «ለማጅ» የሚል ሰሌዳ የተሰካባት ትንሽ መኪና ነበረችው። ገበያም፣ ሐኪም ቤትም፣ ልቅሶም የምንሄደው በእሷ ስለነበር መላው ቤተሰብ ለማጅ ሆኖ ነው የኖረው። እናቴ የሙሽራ ልብስ ትሰፋለች። የተከራየነው ቤት ጠባብ ስለነበር የምትሰፋው ኮሪደሩ ላይ ነው፤ ሽንት ቤት መሄድ የፈለገ ሰው በተሰቀለ ቬሎ ሥር አጎንብሶ ማለፍ ነበረበት። አባቴ አንድ ጊዜ ትከሻው ላይ ዳንቴል እንደተንጠለጠለ ሥራ ሄዶ፣ ቀኑን ሙሉ ተማሪዎቹ ሳይነግሩት ተመልሷል። ስለዚህ የእናቴ ምኞት አንድ ብቻ ነበር። በር ያለው፣ ብርሃን የሚገባው፣ ማንም የማይሻገርበት የስፌት ክፍል።

ቤቱን የሚሸጠው ሰውዬ ጡረታ የወጣ፣ ጸጉሩን ወደ ኋላ ያበጠረ፣ ሲያወራ የሰው ክንድ ይዞ የማይለቅ ሽማግሌ ነበር። ቤቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ትኩስ ቀለም ተቀብቷል። ግድግዳው ክሬም፣ በሩ ቡናማ፣ አጥሩ አረንጓዴ። የግቢው ድንጋዮች ሁሉ ነጭ ናቸው፤ ዛፉ እንኳን እስከ ወገቡ ነጭ ሱሪ ለብሷል። የእናቴ ታላቅ እህት አብራን መጥታ ነበር። አክስቴ አውቶቡስ ጣቢያ ትኬት ስለምትቆርጥ ሰው ሁሉ ሳይከፍል ሊያልፋት የመጣ ይመስላታል። ከበሩ እንደገባች ዙሪያውን ቃኘችና «ቆመን ከቆየን እኛንም ይቀባናል» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሰውየው ስም ቀለሙ ሆኖ ቀረ።

እኔ ግን የቤቱን ቀለም ወደድኩት። የቀለም ሽታ ለእኔ የአዲስ ነገር ሽታ ነበር። በዚያ ላይ ሰውየው ከኋላ ባለው ክፍል ግድግዳውን ሞልቶ የቆመ ግዙፍ ቁም ሳጥን አሳየኝና «የኔ ልጅ፣ ይሄ ያንቺ ነው። ቤቱን ስለቅ ላንቺ ትቼልሽ ነው የምሄደው» አለኝ። ወደ እናቴ ዞሮ ደግሞ «ብቻ ከቦታው እንዳታነቃንቁት፤ አሮጌ ስለሆነ እግሩ አይችልም» አላት። ዛሬ ሳስበው፣ አንድ ሰው ስሟን እንኳን ላልጠየቃት ልጅ ግድግዳ የሚያህል ዕቃ ሲሰጥ መጠርጠር ነበረብን። ያኔ ግን የጠረጠረች አክስቴ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ ሁልጊዜ ስለምትጠረጥር የሚሰማት አልነበረም።

ትልልቆቹ ሌላውን ክፍል ሊያዩ ሲሄዱ እኔ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ጥቂት ቆይቶ አባቴና ቀለሙ ብቻቸውን ተመለሱ። አባቴ ግድግዳውን በጣቱ ሲያንኳኳ ይሰማኛል።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ድምፁ ልዩ ነው።»

«ቤት እንደ ሰው ነው፤ ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ድምፅ አይሰጥም።»

«እርጥብ ነው እኮ። እጄን ይዩት።»

«ያልበዋል።»

አባቴ ወደ ቁም ሳጥኑ ጎን መጣ። ከጀርባዬ በኩል ሲዳብስ ሰማሁት። «ጋሼ፣ ጣቴ ገባ» አለ።

ቀለሙ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንዲህ ባይሆን ኖሮ በዚህ ዋጋ የምሸጥልህ ይመስልሃል? አንድ ቅዳሜ ግንበኛ አምጥተህ ታስደፍነዋለህ።»

አባቴ ግድግዳውን ሁለት ጊዜ አንኳኳ። በመጨረሻ «ለባለቤቴ አይንገሯት፤ እኔ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ» አለ።

«እኔ ምን አገባኝ» አለ ቀለሙ፣ ደስ ብሎት።

ጨለማው ውስጥ ቁጭ ብዬ ሁሉን ነገር ተረዳሁ። ጣት የሚገባበት ነገር እኔ የማውቀው ቀለበት ብቻ ነው። አባቴ ለእናቴ ቀለበት ገዝቷል፤ ከቁም ሳጥኑ ኋላ ደብቆታል፤ ቀስ ብሎ ይሰጣታል። ደስታዬን ለማፈን አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ።

ውሉ ተፈረመ። እናቴ ስሜ ካልገባ ብላ ስለነበር ሁለቱም ገዢ ተብለው ፈረሙ። ገባን። እናቴ የኋላውን ክፍል ያዘች፣ የስፌት መኪናዋን መስኮቱ ሥር አደረገች፣ ቬሎዎቿን ቁም ሳጥኔ ውስጥ ሰቀለች። እኔም ባለቤቷ እንደመሆኔ ፈቀድኩላት። በጋው ሲያልፍ ስትዘፍን ነው የማስታውሳት። አባቴ በየቅዳሜው ግንበኛ የሚያመጣ ይመስለው ነበር፤ በየቅዳሜው ግን ተማሪ ይመጣበታል። እኔ በየቅዳሜው የምጠብቀው ቀለበቱን ነው። አባቴ «ቀስ ብዬ» ሲል ይህን ያህል ቀስ ይላል ብሎ ቀለሙም አልገመተም።

ከዚያ ዝናቡ ገባ።

አንድ ጠዋት ሙሽራ ልብሷን ልትለካ መጣች፤ እናትየዋም አብራ አለች። እናቴ ቁም ሳጥኑን ከፍታ ቬሎውን ስታወጣ የቬሎው የታችኛው ክፍል በሻጋታ አረንጓዴ ሆኗል። አሸተተችው። ሙሽራዋም ተቀብላ አሸተተችውና ማልቀስ ጀመረች። እናቴና ያን ጠዋት ቤታችን የነበረችው አክስቴ ትከሻቸውን ሰጥተው ቁም ሳጥኑን ገፉት። እግሩ ምንም አልሆነም። ያልቻለው ጀርባው ነበር፤ በስብሶ እዚያው ቀረ።

ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ ተሰንጥቋል። ቀለሙ ስንጥቁን በጋዜጣ ወትፎ፣ በጋዜጣው ላይ ያንኑ ክሬም ቀለም ቀብቶበታል። አሁን ጋዜጣው ረጥቦ እንደ ምላስ ተንጠልጥሏል። ከታች ከወለሉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ እንጉዳይ በቅሏል።

«የሸጠላችሁ ቤት ነው ወይስ እርሻ?» አለች አክስቴ።

እኔ ማንም ሳይቀድመኝ እጄን እስከ ክርኔ ድረስ ስንጥቁ ውስጥ ሰድጄ ቀለበቱን ፈለግኩ። ያገኘሁት ቀንድ አውጣ ነው።

አባቴ ከሥራ ሲመለስ ግድግዳውን አየና ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። አወረደ። ትንሽ አሰበና መልሶ ጫነ። «ምን ዓይነት ሰው ነው ይሄ?» አለ፣ ማንንም ሳያይ። አባቴ ብዙ ነገር ይችላል፤ ትወና ግን አልተሰጠውም። እናቴ ያን ቀን ቬሎውን ከወገቡ በታች ቆርጣ እንደ አዲስ ስለምትሰፋ ቀና ብላ አላየችውም እንጂ፣ ያኔ ነገሩ ያከትም ነበር።

በሳምንቱ ጠበቃ ጋ ሄድን። ጠበቃዋ ወጣት ናት፤ ጠረጴዛዋ ላይ ኦቾሎኒ አለ፤ እየፈለፈለች ነው የምታወራው። እናቴ ታሪኩን ስትነግራት ግድግዳው ጋ ስትደርስ መፈልፈሏን ቆም አደረገች። እንደመሰለኝ እንጉዳዩን ወዳዋለች።

«መንገድ አላችሁ» አለች። «አንደኛ፣ ማፍረስ ይቻላል። ውሉ ፈርሶ ቤቱን ትመልሳላችሁ፣ እሱም የከፈላችሁትን ይመልሳል። ሁለተኛ፣ ቤቱን አንለቅም ካላችሁ ዋጋው እንዲቀነስላችሁ መጠየቅ ነው። ሦስተኛ፣ እያወቀ ደብቆ ከሆነ ለግድግዳው ማሠሪያም ለተበላሸው ልብስም ካሳ ትጠይቃላችሁ።»

እኔ የሰማሁት ቤታችን ሊፈርስ እንደሆነና፣ ይህ እንዳይሆን ካሳ የሚባል ሰው መጠየቅ እንዳለበት ነው። ቤት እንደተመለስን ለማንኛውም ብዬ ልብሴን በፌስታል ቋጠርኩ።

«ግን አንድ ነገር አለ» አለች ጠበቃዋ፣ ገና ከቢሮዋ ሳንወጣ። «ጉድለቱ ከእናንተ የተደበቀ መሆን አለበት። ገዢው አይቶት ከገዛ፣ ዓይንህ እያየ ነው የገዛኸው ይባልና መዝገቡ ይዘጋል። አይታችሁት ነበር?»

«ብናየው እንገዛው ነበር?» አለች እናቴ።

ጠበቃዋ ወደ አባቴ ዞረች።

«ቢሮሽ ጥሩ ብርሃን ይገባዋል» አላት አባቴ።

ቀለሙ ጠበቃዋ የላከችለት ማስጠንቀቂያ ደርሶት መልስ ስላልሰጠ ክስ ተመሠረተ። የቀጠሮው ቀን ጠዋት ሁላችንም ለማጇ ውስጥ ታጨቅን፤ አባቴ መሪው ላይ፣ እናቴ ከጎኑ፣ እኔና አክስቴ ከኋላ። የማስተማሪያ መኪና ከሌላው የሚለየው አስተማሪው በሚቀመጥበት በኩልም ፍሬን ስላለው ነው። ቤተሰብ ሲጫን እዚያ የምትቀመጠው እናቴ ናት። እስከዚያን ቀን ድረስ እግሯን አሳርፋበት አታውቅም።

«እኔ ነኝ ቀድሜ የምምለው» ትላለች። ሌሊቱን ሙሉ ያጠናችው ይመስላል። «ማናችንም አላየንም፣ ማናችንም አላወቅንም እላለሁ። ከዚያ ቀለሙን ዓይን ዓይኑን አየዋለሁ።»

አባቴ አደባባዩን እየዞረ ነው። «እንደሱ ብለሽ አትማይ» አለ።

«ለምን?»

«እኔ አውቅ ነበር።»

እናቴ ፍሬኑን ረገጠችው። መኪናዋ አደባባዩ መሐል ቀጥ አለች፣ አክስቴ በግንባሯ የፊት ወንበሩን ገጨች፣ ከኋላችን ያለው መኪና ሁሉ ጡሩንባውን ለቀቀው። አንድ ባለታክሲ በመስኮት ብቅ ብሎ «ለማጅ በሜዳ ነው የሚለማመደው» አለን።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለች እናቴ።

«ቤቱን ካየንበት ቀን።»

«ቬሎዎቼን እዚያ ስሰቅል ቆመህ አየኸኝ።»

«ቀስ ብዬ ልነግርሽ ነበር እኮ። እኔ ብምል አይከብደኝም ነበር። አንቺ ግን እውነት መስሎሽ እጅሽን አንስተሽ ስትምይ ማየት አልችልም።»

ነገሩ የቀለበቱ መስሎኝ እኔም ከኋላ ብቅ አልኩ። «አባዬ፣ ስለ ቀለበቱ ልትነግራት ነው?»

ሦስቱም ዞረው አዩኝ። «ደግሞ ቀለበትም አለ?» አለች አክስቴ፣ ግንባሯን እያሻሸች። አባቴ ፊቱ አመድ መሰለ። ከግድግዳው ይልቅ ያላደረገውን ማስረዳት ነው የከበደው። በመጨረሻ እኔው ቁም ሳጥን ውስጥ ሆኜ የሰማሁትን አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ፤ «ጣቴ ገባ» የሚለውን በአባቴ ድምፅ አስመስዬ። እናቴ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፣ ቦርሳዋን አነሳች፣ በሩን ከፍታ ወረደች፣ በመኪኖቹ መሐል እየተሽሎከለከች በእግሯ ሄደች። አክስቴም ተከተለቻት። አባቴ ቁልፉን ደጋግሞ አዞረ፤ ስንት ሰው ያስተማረ ሰው መኪና ማስነሳት አቃተው። ባለታክሲው ወርዶ ገፋልን።

ስንደርስ እናቴ ችሎት ፊት ቆማለች። ክፍሉ ትንሽ ነው፤ ጣሪያው ላይ ማራገቢያ ይንቋቋል። ቀለሙ አዲስ ኮት ለብሶ ተቀምጧል። እኔን ሲያይ ጠቀሰኝ፤ እኔም መለስኩለት፤ ቁም ሳጥን የሰጠኝ ሰው ነው።

ዳኛው ቤቱን ከመግዛታቸው በፊት ጉድለቱን ያውቁ እንደሆነ እናቴን ጠየቃት።

«ባሌ ያውቅ ነበር» አለች። «ለእኔ የነገረኝ ግን ዛሬ ጠዋት አደባባይ ላይ ነው።»

ጠበቃዋ ዓይኗን ጨፈነች። ከዓመታት በኋላ መንገድ ላይ ሳገኛት፣ «ደንበኛዬ ገና በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ራሷን ስታሸንፍ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው» ብላኛለች።

ቀለሙ ሳይጠየቅ ተነሳ። «እውነቷን ነው። እኔ ለባሏ አሳይቼዋለሁ። እንዲያውም ለባለቤቴ አይንገሯት ብሎ የለመነኝ እሱ ነው።»

«ሰሙት አይደል?» አለች እናቴ ለዳኛው። «እኔም ገዢ ነኝ። ስሜ ውሉ ላይ ነው ያለው፣ ከእሱ ስም ከፍ ብሎ። ይሄ ሰውዬ ‹እያወቅኩ ከእሷ ደብቄያለሁ› እያለ ነው። ለባሌ ያሳየው የባሌን ግማሽ ነው። የእኔን ግማሽ ማን አሳየኝ?»

ዳኛው መነጽሩን አወለቀ። ጠበቃዋ ዓይኗን ከፈተችና ከተቀመጠችበት ብድግ አለች፤ ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማት። ባልና ሚስት አንድ ገዢ ናቸው ወይስ ሁለት የሚለው ብዙ ቀጠሮ በላ። ቀለሙ የእሱ ጠበቃ ዝም በል ሲለው ዝም ባለማለቱ፣ በየቀጠሮው ያችኑ ቃል እየደገመ በራሱ ላይ መሰከረ። የሰው ክንድ ይዞ ማውራት የለመደ ሰው ችሎት አይሆነውም።

ውሳኔው የተሰማ ቀን እኔና አባቴ ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጠናል። እናቴ ከአደባባዩ ወዲህ አላናገረችውም። ጠበቃዋ ወጣችና «ግማሽ ካሳ ተፈርዶላችኋል» አለችን።

ደነገጥኩ። «የላዩ ነው የታቹ?» አልኳት።

ስለ ግድግዳው የጠየቅኳት መስሏት «እሱን ከአባትሽ ጋር ተስማሙ» አለችኝ። እግር ብቻ የሆነ ሰውዬ አካፋ ይዞ ሲመጣ ታየኝና ማልቀስ ጀመርኩ። ከውስጥ የወጣችው አክስቴ አቅፋኝ «ምን ሆንሽ?» አለችኝ። ስነግራት ፈገግ እንኳን አላለችም። «ካሳ ሰው አይደለም፣ የኔ እናት። ሰው ቢሆንማ ይሄን ሁሉ ሲጠብቁት እኔ አገባው ነበር» አለችኝ።

ቀለሙ በከፈለው ግንበኛ መጣና የግድግዳውን ግማሽ ሠርቶ ሄደ። በቀረው ግማሽ ላይ እናቴ ራሷ ፈረደች፤ አባቴ በገዛ እጁ ይሠራዋል። ሠራው። እናቴ አጠገቡ ወንበር አድርጋ እየሰፋች፣ የምትለውን ሁሉ በእኔ በኩል ትልክበት ነበር። «ለአባትሽ ንገሪው፣ ያ ጡብ ጠምሟል።» አባቴ ክንዷ በሚደርስበት ቦታ ቆሞ እኔ እስክደግምለት ይጠብቃል። ከዚያ ያስተካክለዋል፤ ይበልጥ ይጠምማል። አንድ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ በርትቶ፣ ሲሚንቶው ቅንድቡ ላይ ደርቆ ሳለ፣ መርፌዋን አስቀመጠችና «ውሃ ጠጣ» አለችው። እኔ ልደግምለት አፌን ስከፍት አባቴ በእጁ ዝም አስባለኝ። ቀጥታ የተላከለት እንደሆነ ገብቶታል።

ባለፈው ወር እኔም በተራዬ ቤት ልገዛ ስዞር ሁለቱንም ይዣቸው ሄድኩ። አባቴ አርጅቷል፤ ግድግዳ ሲያይ ግን እንደ ሐኪም ነው፤ ያንኳኳል፣ ጆሮውን ይለጥፋል፣ ራሱን ይነቀንቃል። ደላላው ስልክ ሊያናግር ሲወጣ፣ ዘመኔን ሁሉ ያልጠየቅኩትን ጠየቅኩት። ለምን ያን ቀን አልነገርካትም?

አባቴ ጆሮውን ከግድግዳው አላቀቀ። «ያን ቀን እናትሽ የኩሽናው መስኮት ጋ ቆማ አየኋት። ውጭውን እያየች ዝም ብላለች። እናትሽን ዝም ብላ አይቻት አላውቅም። በቃ፣ ይሄ ቤት ልቧ ገብቷል አልኩ። ከዚያ ወደ ኋላ ክፍል ሄጄ ጣቴ ሲገባ፣ ተመልሼ ምን ልበላት?»

ላቅፈው ጠጋ አልኩ። እናቴ ደላላው በተወው ወንበር ላይ እንደተቀመጠች አባቴን ትኩር ብላ አየችው።

«የኩሽናው መስኮት ጋ?» አለች። «ዝም ያልኩት እኮ እጀታው ተነቅሎ እጄ ላይ ስለቀረ ነው። አስከፍሎ እንዳያዋርደን ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።»

«ያን መስኮት ዕድሜዬን ሙሉ በማንኪያ ነው የከፈትኩት» አለ አባቴ። «እጀታውን እንኳን ሰረቀን እያልኩ ቀለሙን ስረግም።»

«ስትረግመው እሰማህ ነበር» አለች እናቴ።

አባቴ ወደዚህኛው ቤት ኩሽና ገባና የመስኮቶቹን እጀታ አንድ በአንድ መነቅነቅ ጀመረ።

«ተው፣ እንዳትነቅለው» አለችው እናቴ ከወንበሯ ሳትነሳ። «ልጅቷ ገና አልፈረመችም።»